ፊቷን እስክታዞር

ከጎረቤላ ቁልቁል፣ ጉሙን ትከሻዬ ላይ እንዳዘልኩ፣
ጉልበቴን እየለመንኩ፣ በጠጠር እየተንሸራተትኩ፣
አልዩ አምባ ወረድኩ። የወረድኩት ለወፍ ነው።
(ለአስካለች እንዲህ ስላት፣ «ወፊቱ ስሟ ማነው?»
ብላ ነበር የሸኘችኝ፤ ስንቄን የቋጠረችው በግማሽ ልብ ነው።)

መምህር ነኝ፤ እንጀራዬ መለየት ነው።
ይኼ ከዚህ ወገን፣ ያ ከዚያ ዘር እያልኩ፣
ሃያ ሁለት ዓመት በጠመኔ አጥር ያጠርኩ፤
ሠንጠረዥ ካልሠራሁ እንቅልፍ የማይወስደኝ፣
ጎመንና ሰናፍጭ ሲቀላቀል የሚያመኝ።

ሁለት ናቸው አሉኝ፣ ቆላው ግራር ላይ የሚያድሩ፣
ከድንቢጥ የማይበልጡ፣ አመድ ለብሰው የሚኖሩ፤
ሁለቱም ወገባቸው ላይ፣ ከጅራታቸው በላይ፣
የእርድ ቁንጥር አላቸው፣ ሲበሩ ብቻ የሚታይ።
አንደኛዋ ግን ከፊትም፣ ጉሮሮዋ ሥር፣
ያንኑ እርድ ደግማዋለች። በቃ። በዚያች ነው ክርክር።

እንግዲህ አስበው፦
ከኋላ ስታያት ሁለቷም አንድ ናት፤
እህቷ ትሁን እሷ አታውቅም፣
ፊቷን እስክታዞር ትጠብቃለህ፤
ወፍ ደግሞ ለጠባቂ ፊት አትሰጥም።

መንገድ የመራኝ ኡመሬ ነው፣ የሩቂያ ልጅ፣
ከሸማኔ ቤት የወጣ፣ ክር የለመደ እጅ፣
ጥለት መሐል የሳተች አንዲት ማግ ከደጅ
ቆሞ የሚለይ ዓይን ያለው።
«መነጽሩን ተወው» አለኝ፤ «ጆሮህን ስጣት፣
ዜማዋ ያወጣታል።» ቁርቁራ ሥር ቁጭ ብለን ጠበቅናት።

ዘመረች።
መወርወሪያ በድሩ ሆድ ወዲያ ወዲህ ሲል፣
ቶሎ ቶሎ፣ ቀጭን፣ ሳይበጠስ የሚቀጥል፤
ከወዲያ ግራር ሌላይቱ መለሰች፣
ያንኑ ዜማ፣ ያንኑ ክር፤ መጨረሻው ላይ ብቻ
ጫፉን ወደ ላይ ቋጠረች።
ይኼ ቋጠሮ የዘር ነው? የቤት ነው? የዕለት ስሜት?
ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፤ ሰረዝኩ፤ ጻፍኩ፤ ቀደድኩት።

ማሽላው መሐል፣ ማማው ላይ፣ ሩቂያ ቆማለች፣
ወንጭፏን እያዞረች ወፎቹን ትረግማለች፣
በአርጎብኛ። ግማሹ ገባኝ፤ ግማሹ ሸሸኝ፣
መልኩን እያወቅሁት ስሙ እንደጠፋኝ
የሩቅ ዘመድ፣ ገበያ ላይ ፈገግ ብሎ እንዳለፈኝ።
ከዚያ እኔን አየችና «ደህና ዋልክ ወይ?» አለች፤
ሳትተነፍስ፣ ሳትዞር፣ አማርኛ ሆነች።
«እናቴ» አለ ኡመሬ፣ «ስትቆጣ በዚያ ናት፣
እንግዳ ሲመጣ በዚህ።» «ስታለቅስስ?» አልኩት።
ማግ የሳቱ ይመስል ጣቶቹን አያቸው።
«ያኔ እኔም አልለየው።»

ወፎቹ ሁለት መሆናቸውን ነገርኳት፣ በመምህር ድምፅ፤
ድንጋይ እየመረጠች ሰማችኝ።
«ማሽላዬን ሲበሉ» አለች፣ «አንድ ናቸው።
ሲጠግቡ ነው ሁለት የሚሆኑት።»

ከቀትር በኋላ ሦስተኛይቱ መጣች።
ቁልቋል ጫፍ ላይ፣ ያለ ልመና፣ ፊት ለፊቴ አረፈች።
ጉሮሮዋ ቢጫ አይባል፣ ቢጫ አይደለም አይባል፣
ብዙ ጊዜ የታጠበ ጥለት ይመስላል፣
ቀለሙ ሄዶ ትዝታው የቀረ።
የማን ናት? ኡመሬ ራሱን አከከ፣ እኔ እርሳሴን ነከስኩ።
ሠንጠረዤ ሁለት ዓምድ ነው፤ ለእሷ የሚሆን ቤት አጣሁ።
ኅዳጉ ላይ፣ ከመስመሩ ውጪ፣
«አንዲት ወፍ» ብዬ ጻፍኩ፣ ያለ ስም፣ ያለ ቁጥር።
ያን ቀን ከጻፍኩት ሁሉ የማልጠራጠረው ያንን ነው።

ማታ፣ ዳገቱ ሳንባዬን ጨርሶት፣ ቤቴ ገባሁ።
አስካለች እሳቱን እየቆሰቆሰች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣
«አየሃት ታዲያ?» አለችኝ።
«ይበልጡን ከኋላዋ» አልኩ፣ ለሳይንስ ታምኜ።
ሦስት ቀን ዝም አለች።
እኔም እንደተማርኩት፣ ጆሮዬን ሰጥቼ፣
ሳህን ስታስቀምጥ፣ በር ስትዘጋ፣ ትንፋሿን ሰምቼ፣
ጠበቅኩ።

በአራተኛው ቀን ፊቷን አዞረች።